ወርቄ ከወንበሯ የተነሣችበት ክርክር

ኅዳር 4 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት፦ አቤቱታ አምስት፣ የዕድር ደንብ አንድ፣ ፎቶ ኮፒ አርባ ገጽ። ከአራት ሰዓት በኋላ... ምንም።

የጽሕፈት ሱቄ ኮምፒውተር በአንድ ወር ሦስት ጊዜ በቫይረስ ተመታ። ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ከፍላሹ ጋር በሽታውን። ሰለቸኝና ዛሬ ጠዋት ሁለት አዋቂ ጠራሁ። አንዱ ከመቀሌ ኮምፒውተር እያመጣ የሚሸጠውና የሚጠግነው ግርማይ ነው፤ ሌላው የኮምፒውተር መምህሩ አዳነ።

ግርማይ ዊንዶውሱ ይቆይ አለ። ሰው የለመደው እሱን ነው፣ ቢሮው ሁሉ የሚሠራው በእሱ ነው፣ ሲበላሽም ጠጋኝ አይጠፋም። አዳነ እሱን ጠርገን በቦታው ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም እንጫን አለ። ቫይረሱ አይደፍረውም፣ ደግሞ በነፃ ነው።

«በነፃ የሰጠህ ሰው ነገ ሲበላሽብህ ማንን ትከሳለህ?» አለ ግርማይ።

«በተሰረቀ ሲዲ የጫንከውስ ሲበላሽ አንተ ማንን ትከሳለህ?» አለው አዳነ።

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣው ሁሉ ሳቀ። ሰው ጉዳዩን ትቶ ዙሪያውን ቆመ። ሁለቱም በየመሐሉ «ለተራ ተጠቃሚ የሚሻለው» ይላሉ... ተራ ተጠቃሚ እንዲህ ነው፣ ተራ ተጠቃሚ እንዲያ ነው።

ወንበሩ ላይ ወርቄ ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ የጻፈችልኝ ታይፒስት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ደሴ ኮሌጅ የምታስተምረው በዚሁ ሥራ ነው። ማሳየት ሲፈልጉ «እስቲ አንዴ ተነሺልን» አሏት። ተነሣችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በእጇ ከሰሃላ ሁለት ቀን በእግር የመጡ የአንድ ሽማግሌ የመሬት አቤቱታ ረቂቅ ነበር። እሳቸው ደፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

እኔ አሰብኩ፣ አወጣሁ አወረድኩ፣ ለአዳነ ፈረድኩለት። ግርማይ አኩርፎ ወጣ። መጫኑ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ከዚያ ወርቄ ተቀመጠች። ጣቶቿ እንደ ወትሮው ሄዱ... የሚወጣው ፊደል ግን አንዱም እሷ የፈለገችው አይደለም።

«በድምፁ ነው እትዬ» አላት አዳነ። «"ለ" ስትፈልጊ ኤልን ንኪ።»

«ኤል የቷ ናት?»

አዳነ ሳቀ። በክፋት አይደለም። ግን ሌላውም ተከትሎት ሳቀ።

ወርቄ ጽሕፈት የተማረችው በአማርኛ ታይፕ ማሽን ነው። የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን ልክ እንደ ማሽኑ ደርድሮላት ስለነበር የእንግሊዝኛውን ፊደል ማወቅ አላስፈለጋትም፤ እጇ ብቻውን ያውቃል። ይህን ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱም አልጠየቃት። ስድስት ዓመት ያሠራኋት እኔም አላውቅም ነበር።

ያኔ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን በሰው ፊት «አንድ ሳምንት ይበቃሻል፤ ካልሆነ ሰው እፈልጋለሁ» አልኳት። ትተጋለች ብዬ ነው።

ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደችና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ይነሡ አባቴ፣ በእስክሪብቶ ልጻፍልዎ። ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ እንድረስ።»

ተያይዘው ወጡ። ሌሎቹም ባለጉዳዮች አንድ በአንድ ተበተኑ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግርማይን ለምኜ አመጣሁትና የድሮውን እንዳለ መለሰልኝ። አመሻሹ ላይ ቤቷ ሄድኩ። እንደ እንግዳ ተቀበለችኝ፣ መቀመጫ አቀረበችልኝ። ተመልሷል፣ ነገ ግቢ አልኳት።

«ነገ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰው ይመጣና ተነሺ ይለኛል» አለች። «ተነሺ ያሉኝ እነሱ ናቸው። እሱስ ግድ የለም። ሰው እፈልጋለሁ ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ልጅሽስ አልኳት፣ የማይጠየቅ ነገር።

«የእሷን ነገር ለእኔ ይተዉት» አለችኝ።

ማር ስገዛ ከቀፎው የቆረጠውን ሰው ሳልጠይቅ ብር አውጥቼ አላውቅም፤ ደላላ ሰምቼ አልገዛም። ዛሬ ቆራጯን ግድግዳ አስደግፌ ሁለት ደላላ ሳዳምጥ ዋልኩ።

ነገ፦ ታይፒስት ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ መለጠፍ። የሚጽፍልኝ ስለሌለ በእጄ ነው የምጽፈው።