ክብ የሆነው ምንም

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጥንት ዘመን ቁፋሮ ትምህርት የመረጠች ጊዜ፣ አባቷ «ቢሮ ትገባልኛለች ብዬ ባስተምራት ጉድጓድ ቆፋሪ ልትሆን ነው! ለመቆፈርማ ጓሯችን ምን አነሰው?» ብሎ ሰፈሩን አሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች። ነገሩ ግን አንጀቷ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ዝናቡ ሲያባራ መምህራቸው ተማሪዎቹን ይዞ ሜዳ ወጣ። መሬቱን በችካልና በሲባጎ ከፋፍሎ ለየሰዉ አንድ አንድ ጉድጓድ ሰጠ። ሥራው በአካፋ እየዛቁ የሚጣል አይደለም። በግንበኛ ማንካ እየፋቁ፣ በብሩሽ እየጠረጉ፣ መሬቷን እንደ ሕፃን ገላ እያባበሉ ነው የሚወርዱት።

አጠገቧ የሚቆፍረው ልጅ እጁ ይቀናዋል። ማንካውን ባሳረፈበት ሁሉ የሸክላ ስባሪ ስለሚወጣለት «ባለ ገል» አሉት። የእሷ ጉድጓድ ግን አፈር፣ ከአፈሩም ሥር ሌላ አፈር።

«እህቴ፣ አንድ ሁለት ገል ላበድርሽ?» ይላታል ባለ ገል።

«ተወኝ እስቲ። ያንተዎቹ ሰዎች ዕቃ መያዝ አያውቁም ነበር መሰለኝ፣ ይህን ሁሉ የሰበሩት።»

አፏ ይቀልዳል እንጂ ሆዷስ ሌላ ነው። መምህሩ ቁርጡን ተናግሯል፤ እስከ አርብ ምንም ያልታየበት ጉድጓድ ይደፈናል፣ ባለቤቱም ገል አጠባ ይወርዳል። ገል በማጠብ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ አይጻፍም። ለአባቷስ ምን ብላ ትመለስ?

ሐሙስ ከሰዓት ማንካዋ አንድ ቦታ ላይ ለስለስ አለባት። ዙሪያው ድርቅ ያለ መሬት ነው፤ እዚያች ላይ ግን አፈሩ እንደ ዱቄት። ውሃ ረጨት ብታደርግበት እንደ ድስት አፍ ክብ የሆነ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ፣ ልክ እንደሱ። ልትቆፍረው ማንካዋን አነሳችና፣ ቅርጹ እንዳይጠፋባት መልሳ አስቀመጠችው።

አርብ ጠዋት መምህሩ አካፋ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«እህ፣ ምን አገኘሽ?»

«ምንም፣ መምህር። ግን ምንሙ ክብ ነው።»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህሩ አልሳቀም። ተንበርክኮ ጥቁሩን አፈር በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«የአይጥ ጉድጓድ ቢሆንስ?»

«አይጥ እንዲህ አስተካክላ አትቆፍርም። የምሰሶ ቦታ ነው። እንጨቱ በስብሶ አፈር ሞልቶበት ነው። ሁለቱ የተራራቁትን ያህል ብንሄድ ሦስተኛው» አለችና ከሲባጎው ውጭ ያልተነካውን ሣር አሳየችው፣ «እዚያ ጋ ነው።»

«ከሌለስ?»

«ዛሬውኑ ገል አጥባለሁ።»

ሣሩ ተነሣ። በማንካ ፋቁ፣ ጠረጉ፣ ውሃ ረጩ። ሁሉም አጎንብሶ ሲጠብቅ ጥቁሩ ክብ ቀስ እያለ ብቅ አለ፣ ካለችው ቦታ ሳይዛነፍ።

«ቤት ነው» አለ መምህሩ፣ ድምፁ ዝግ ብሎ። የማን ቤት እንደነበር ማን ያውቃል። ሰዎቹም ምሰሶዎቹም አፈር ሆነዋል፤ የቆሙበት ቦታ ብቻ ቀርቷል።

«በል እንግዲህ፣ ገሎችህ ማደሪያ አገኙ» አለችው ባለ ገልን።

መምህሩ አካፋ የያዙትን ሰዎች መለሳቸው። የሲባጎውን ጥቅልል ከትከሻው አውርዶ ሰጣትና «ቀጣዩን አንቺ ምሪን» አላት። እሷም ሣሩን በዓይኗ እየለካች ወደፊት ሄደች፤ ሌሎቹም ችካላቸውን ታቅፈው ተከተሏት።