የአጎቴ የቀርከሃ ስንጥር

የሰሊጥ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር አጎቴ አሶሳ ባለው ቤታችን በር ላይ ተቀምጦ ትንሿን ሽጉጡን ሲያጸዳ ይታየኛል። ጥይቶቹን አውጥቶ፣ ዘይት የነካ ጨርቅ በቀርከሃ ስንጥር ጫፍ ይጠቀልልና በአፈሙዙ ቀስ አድርጎ ያስገባል።

"በብረት አይሆንም?" አልኩት አንድ ቀን፣ ገና ልጅ ሳለሁ።

"ብረት ውስጡን ይጭረዋል፣ ልጄ። የተጫረ ሽጉጥ ያላሰቡትን ሰው ይገድላል።"

ጭረት ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጓሁ። ለሶላት ሲነሳ ሽቦ አምጥቼ አፈሙዙን ውስጡን ፈተግኩት።

ተመልሶ ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አዞረና ብዙ አየው። በማግስቱ ሽጉጡን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በትር ብቻ ይዞ ከሚያጅባቸው ነጋዴዎች ጋር ወደ ድንበር ከተማዋ ኩርሙክ ወጣ። ሲሰናበተኝ ስንጥሯን መዳፌ ላይ አኖራት።

እስኪመለስ ድረስ ከእጄ አልለየኋትም። ዛሬም ዘይቱ ሲሸተኝ መዳፌ ሳላውቀው ይጨበጣል።