አንድ ቦታ፣ ሁለት አሜን

ልጄ የስምንተኛ ክፍልን የክልል ፈተና ከወሰደች ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተጣላ። ጉና ተራራ ሥር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ውርጭ አይበግረኝም። ያን ክረምት ግን የደብረ ታቦር ዝናብ ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር ስልኬ የጮኸ እየመሰለኝ ከቢሮ ወንበሬ ብድግ እል ነበር። ባልደረቦቼ «ተፈታኟ አንቺ ነሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል።

የፈራሁት ውድቀትን አልነበረም። ልጄ እንደምታልፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከየወረዳው ጎበዝ ጎበዙን እየመረጠ የሚወስድ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ባሕር ዳር አለ። እዚያ የገባ ልጅ መምህር ቀረ፣ መንገድ ተዘጋ ሳይባል ዓመቱን ሙሉ ይማራል። ልጄ ፊደል ከለየች ወዲህ የምታወራው ስለዚያ ነው። ለከተማችን ሴቶች ልጆች የተያዘው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ዘጠና ስምንት ይላል። ከመቶ ሁለት ብቻ ሳተች ብዬ ስልኬን ይዤ ወደ ሒሳብ መምህሯ በረርሁ።

«እሰየው» አለኝ፤ «ግን ይህ ከመቶ ያገኘችው ማርክ አይደለም። ፐርሰንታይል ነው። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ስምንቱ ከኋላዋ ናቸው ማለት ነው።»

«ታዲያ ስንት መለሰች?»

«እሱን አይነግርሽም። ስንቱን እንደቀደመች ነው የሚነግርሽ።»

ከዚያ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን አመራረጥ አስረዳኝ። የክልሉ ፈተና ግማሹን ይይዛል። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው የመግቢያ ፈተና ሠላሳ እጅ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ውጤት ደግሞ ሃያ እጅ ነው። ሦስቱ ተደምረው ልጆቹ በተራ ይደረደራሉ፤ አንደኛዋ ትገባለች፣ ሁለተኛዋ ተጠባባቂ ትሆናለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ፈተና ማለት ልጄና ወረቀቷ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ከልጄ ጋር የምትፎካከረው ማን እንደሆነች መንገድ ላይ ሳለሁ ገባኝ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ግቢያችን አንድ ነው፤ ልጆቹም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ጎረቤቴ ከአንበሳሜ ገበያ እህል እያመጣች ትሸጣለች። እኔ ቢሮ ስውል ልጄን አዝላ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። የእሷም ልጅ ዘጠና ስምንት አምጥታለች።

ከዚያ ወዲያ ድንች እየላጥሁም እደምራለሁ፣ ቅዳሴ ቆሜም አካፍላለሁ። አንድ ቀን የጎረቤቴን ልጅ ጉንፋን ያዛት ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረው። በራሴ ደነገጥሁና ዝንጅብል ወቅጬ፣ አፍልቼ ወሰድሁላት። ልጅቱ ጠጥታ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትለኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

እኔና ጎረቤቴ የአንድ ማርያም ማኅበርተኞች ነን። በየወሩ በሃያ አንድ ጽዋው ከተጠጣ በኋላ እያንዳንዳችን ተነሥተን የምንለምነውን እንናገራለን፤ የቀሩት አሜን ይላሉ። አሜን ያላለ ጽዋውን እንዳፈሰሰ ነው የሚቆጠረው። በነሐሴው ማኅበር ጎረቤቴ ቀድማ ተነሣች።

«ልጄን አዳሪው ትምህርት ቤት አስገቢልኝ፤ ለቤተ ክርስቲያንሽ ጃንጥላ አገባለሁ» አለች።

አሜን አልን። ተራዬ ሲደርስ ያንኑ ቦታ ለእኔ ልጅ ለምኜ መጋረጃ ተሳልሁ። ጎረቤቴም ከሌሎቹ ጋር አሜን አለች። የነፍስ አባታችን ጢማቸውን አሻሹ።

«አንድ መሶብ ላይ ብዙ እጅ ይገባል» አሉ። «አንድ ወንበር ላይ ግን፣ ልጆቼ፣ እንጃ።»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የሁለታችን አሜን እርስ በርሱ ሲጣፋ እየታየኝ ጽዋዬን እንኳ አልጨረስሁም።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በመስከረም ልጄ ተጠባባቂ ሆነች። በመግቢያ ፈተናው ጓደኛዋን በልጣታለች፤ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ውጤት ግን ተበልጣለች። ሁሉም ሲደመር የለያቸው ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም።

«እማ፣ ተጠባባቂ የሚጠራው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ያለፈችው በቀኑ ሄዳ ካልተመዘገበች።»

ልጄ ይህን ሰምታ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ጓደኛዋን ልብስ በማጠብ ልታግዛት ሄደች። እኔ በሬን ዘግቼ አለቀስሁ።

በዚያው ሰሞን የባሕር ዳር መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። በመስከረሙ ማኅበር ጎረቤቴ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች፤ እልል አልን። የነፍስ አባታችን ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ልጄ?» አሉኝ። ልጄን አስገቢልኝ ብል የዚችን ልጅ አስቀሪልኝ ማለቴ ነው። ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ።

«ልቤ ያሰበውን እሷ ታውቀዋለች» አልሁ።

ከሁሉም ጮክ ብላ አሜን ያለችው ጎረቤቴ ነበረች፤ ምን እንዳሰብሁ አልጠየቀችም። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«እታለም፣ ነገ የምዝገባው መጨረሻ ነው። ቢሮሽ መናኸሪያው አጠገብ አይደል? መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቀሽ ደውይልኝ። ዝግ ከሆነ ልጅቱን በከንቱ አላንከራታት።»

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄድሁ። አንድ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው ይጠራል። ረዳቱን ጠየቅሁት፤ ክፍት ነው አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ያዝሁት። ዝግ ነው ብላት ታምነኛለች፤ በሕይወቷ ዋሽቼአት አላውቅም።

«ሄሎ እታለም፣ እንዴት ነው?» አለች ጎረቤቴ።

«ክፍት ነው» አልኋት። «ቶሎ ውረዱ፣ መኪናው ሊሞላ ነው።»

ረዳቱን ሁለት ቦታ አስያዝሁትና መኪናው በር ላይ ቆምሁ። ጥቂት ቆይተው ከዳገቱ ሲወርዱ አየኋቸው። የጓደኛዋን ሻንጣ የተሸከመችው ልጄ ነበረች።