ትርፊት ስታለሰልሰው የኖረችው ቃል

ትርፊት የተቀጠረችው ፋሻ ልታጥብ ነበር። ሆሳዕና ከተማ፣ ከገበያው በታች ባለች ትንሽ ክሊኒክ ደምና መግል የነካውን ፋሻ ቀቅላ፣ አጥባ ታሰጣለች። ልጅነቷን ከሰሜን በመጣ ዳኛ ቤት ስላሳለፈች አማርኛ አይቸግራትም። ሐዲይኛ የማያውቅ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል የሚያክም ባለሙያ፣ በመጣ ቁጥር የምትጠራው እሷ ሆነች።

አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ አስተረጎመች። ድሬሰሩ «ይህን የገማ እግር ይዘህ የት ከረምክ?» ሲል እሷ «አባቴ፣ ብዙ ተሠቃይተዋል፤ አይዞዎት» ትላለች። በሽተኛው ድሬሰሩን መርቆ ይሄዳል። ምርቃቱንም መልሳ ትተረጉማለች። ከፋሻው ይልቅ የሚያደክማት ይሄ ነበር።

በ1956 ዓ.ም. የነበረው ድሬሰር ወንዳፈረው የሚባል የጎጃም ወጣት ነው። ክፉ አልነበረም፤ ሰልፉ ረጅም፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ነው። አንድ የገበያ ቀን አቶ ላምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ የእግራቸውን ቁስል በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ከፎንቆ መጡ። ወንዳፈረው ቅጠሉን ሲፈታ አፍንጫውን ያዘ።

«ከብት እንኳ ራሱን እንዲህ አይጥልም በይው!»

ትርፊት የሚያለሰልስ ቃል ፈለገች፤ አጣች። ደክሟት ነበር። ያለውን እንዳለ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ቅጠሉን ከወለሉ አንስተው መልሰው አሰሩና እያነከሱ ወጡ።

«ወዴት ነው የሚሄደው? ምን አልሽው?»

«ያሉትን ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜማ ያላሉትን ነው የምነግራቸው።»

«እነዚያ ሁሉ የመረቁኝስ?»

ወንዳፈረው ሰልፉን ትቶ ወጣ፤ ትርፊትም ተከተለችው። ሽማግሌው እግራቸው እምቢ ብሏቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኟቸው። ወንዳፈረው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ።

«ምን ልበላቸው?» አላት።

«እኔ አላውቅም። እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እደግመዋለሁ።»

ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ «በጣም ያምዎታል?» አለ።

ያንኑ ተረጎመች። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ከፋሲካ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አሉ።

ደግፎ መለሳቸው። ቁስሉ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀ። ወንዳፈረውም ከዚያ ወዲህ ቁስል ከመፍታቱ በፊት ይጠይቅ ጀመር። ራሱን ረስቶ ሲጮህ ግን «ይህቺን ቃል ተያት፣ እትዬ ትርፊት» ይላል።

በዓመቱ ወደ ዱራሜ ተዛወረ። በምትኩ የመጣው ወልደ ሰንበት፣ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ላይ ጮኸ። ትርፊት በረጅሙ ተነፈሰች።

«ያሉትን እንዳለ ነው የምነግራት» አለችው። «እንደገና ቢያስቡበት ይሻላል።»