ዘይነባ ያሰረችው ብሎን

ሰዎቹን አስቀድሜ በስማቸው ልጥራ። ዘይነባ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ መካ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ። አቡ ፈሃድ፣ ከፊሏ፤ ያስመጣት፣ ኢቃማዋንም ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን የያዘው የቤቱ ጌታ። ሐጂ ሰዒድ፣ ዑተይቢያ በሚባለው የመካ ሰፈር ውስጥ ወርሻ፣ ማለትም የመኪና መጠገኛ የነበረው፣ አያቱ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው። ጀማል፣ የወርሻው ሠራተኛና ቀልደኛ። አምስተኛው እኔ ኑሩ ነኝ፤ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ መፍቻ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ፣ አፌ ግን የሃያ ዓመት መካኒክ የሆነ።

እነዚህን ሰዎች ከረሳሁበት ያስነሳችብኝ ልጄ ሂባ ናት። ባለፈው ሳምንት ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ባለው ቤታችን ምሳ ቀርቦ እጇን ወደ ሩዙ ስትሰድ ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ነገር አየሁ። ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ የኖረ እድፍ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት እያወቅሁ።

«ሸሕም ነው፣ አባ» አለች። ግሪስ ማለቷ ነው፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛቸው ግማሹ ዐረብኛ ነው። «ወርሻ ገብቻለሁ። ሦስት ሴቶች ነን። ወላሂ ልነግርህ ነበር፣ ፈራሁህ።»

ዛሬ ሴት መኪና ትነዳለች፣ ጅዳ ውስጥ ሴት መኪና ስትጠግንም ይታያል። በመንገድ ሳይ ምንም አይመስለኝም ነበር፤ በገዛ ቤቴ ማዕድ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ሆነ። «ሴት ባሰረችው ብሎን ማን መንገድ ይሄዳል?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አወቅሁት። የእኔ ቃል አልነበረም፤ የሐጂ ሰዒድ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጠፋ ብዬ ስጾምና ስሰግድ ከምላሴ ሥር ተኝቶ ኖሯል። ምሳውን ትቼ ተነሳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመካ በጋ የሚያውቀው ያውቀዋል። ጧት ፉላችንን በትኩስ ተሚስ ዳቦ በልተን ገና አፋችንን ሳንጠርግ የወርሻው ቆርቆሮ መንጫጫት ይጀምር ነበር። መሬት ላይ የረሳነውን መፍቻ በጨርቅ ካልሆነ አንይዘውም። ከአስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት በፊት ባለው ሰዓት ማንም ሥራ አይሠራም፤ አፍ ብቻ ይሠራል። ወንዶች ያለ ሥራ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ስለ ሴት ነው። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ወርሻ ዘይት ይልቅ የሚያስጸይፈኝ ያ ወሬ ነው። የሰው እህት ላይ እየሳቅን፣ ደግሞ ስለ ሴት ልጅ ጨዋነት እንሰብክ ነበር።

አንድ ቀን በዚያ ሰዓት አቡ ፈሃድ ፍሬን ሊያስቀይር መኪናውን አመጣ። ወርዶ ሻይ እንደያዘ ሳቀ። «ሐጂ፣ የእኔን ጉድ ሰምተሃል?» አለ። መኪናው ከወር በላይ ዘይት ሲያንጠባጥብበት ከርሟል። ግቢው ሴራሚክ ነው፤ ያንን ጥቁር ቅባት ጧት ጧት በጉልበቷ ተንበርክካ የምታሽው ዘይነባ ናት። በመጨረሻ መረራትና «ባባ፣ የሥረኛው ብሎን ሮንዴላ አልቋል» አለችው፤ ዘይቱ በሚወርድበት ብሎን ራስ ሥር የሚገባውን ቀለበት ማለቷ ነው። ሳቀባት። እሱ ሲተኛ ሳፋ ይዛ መኪናው ሥር ገባች፣ ዘይቱን አወረደች፣ ከአሮጌ የመዳብ ቱቦ ቆርጣ ሮንዴላ ሠራች፣ ብሎኑን በመኪናው መፍቻ አሰረች፣ ዘይቱን መልሳ ሞላች። መንጠባጠቡ ቆመ። አባቷ ኮምቦልቻ የወፍጮ ሞተር ነበረው፤ ያደገችው እሱ ሥር ነው።

አቡ ፈሃድ ይህን የነገረን በግማሽ ኩራት፣ በግማሽ ቀልድ ነበር። መኪናውን ትቶልን ለአስር ሶላት ወደ ሐረም፣ ወደ ታላቁ መስጊድ ሄደ። ዘወር ከማለቱ ሐጂ ሰዒድ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ኑሩ፣ ብሎኗን ፍታትና እንደገና እሰራት። ሴት ባሰረችው ብሎን መኪና ከእኔ ወርሻ አይወጣም። ነገ ገበያው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ደግሞ አሽትታት፣ ኑሬ!» አለ ጀማል። «እርድ እርድ ካላለች እኔን በለኝ።»

መኪናው ሥር ተንሸራተትኩ። መፍቻውን ሰክቼ ሳብኩ፤ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። በመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ነው የፈታሁት፤ ዘይቱም ወረደ። ሮንዴላዋን በመዳፌ ያዝኳት። ጠርዟ በሞረድ ተሞርዶ ለስልሷል፣ ቀዳዳዋ ልክ ነው፣ ፊቷ እንደ ሳንቲም የተስተካከለ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ መሥራት አልችልም ነበር። ይህን የተረዳሁት ዛሬ አርጅቼ አይደለም፤ ያን ጊዜውኑ፣ መኪናው ሥር ተጋድሜ ነው። ስለዚህ ወረወርኳት። ክፋት ብዙ ጊዜ ካለማወቅ ነው ሲሉ እሰማለሁ። የእኔ ከማወቅ ነበር።

ብሎኑን ያለ ሮንዴላ በጣቴ መለስኩት። መፍቻውን ላነሳ ስል ከውጭ ሳቅ ፈነዳ። ጀማል ሻሽ ተከናንቦ፣ ሳፋ በወገቡ ይዞ፣ ዳሌውን እየሰበቀ ይመላለሳል።

«ማማ፣ ሽንኩርቱን ልላጥ ወይስ ሞተሩን ላውርድ?» ይላል በቀጭን ድምፅ።

ሐጂ ሰዒድ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም ሳቁ እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። ስቄ ስጨርስ ዘይቱን ሞላሁ፣ ፍሬኑን ቀየርኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ወደ ብሎኑ አልተመለስኩም። በጣት እንደታሰረ ቀረ።

በማግሥቱ አቡ ፈሃድ እናቱንና ልጆቹን ጭኖ ወደ ጅዳ፣ ወደ ባሕሩ ወረደ። የዘይት ማለቅን የሚያሳውቀው መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል። ሹመይሲን እንዳለፉ ሞተሩ ጮኸና ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ ሹመይሲ ሲባል የእኛ ሰው ልቡ የሚሸበረው ወደ አገር የሚጠረዙት እዚያ ስለሚታሰሩ ነው፤ ያኔ ከኬላው በቀር ጥቁር ተራራና አሸዋ ነበር። አሮጊቷ እናቱ ልጆቹ በዘረጉት ብርድ ልብስ ጥላ ሥር፣ በዚያ ሙቀት፣ ጎታች መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ።

መኪናው ተጎትቶ ሲመለስ ብሎኑ የለም። አቡ ፈሃድ ቀይ ሆኖ «ይህን ብሎን መጨረሻ የነካው ማን ነው?» አለ።

«አንተው ነግረኸናል» አለ ሐጂ ሰዒድ፣ ሻዩን እያማሰለ። «ሠራተኛህ ናት። እኛ ፍሬን ነው የቀየርን።»

አቡ ፈሃድ ሄዶ ዘይነባን አመጣት። ከመኪና ስትወርድ አየኋት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማይበልጥ። ዓባያዋን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና ባዶውን የብሎን ቀዳዳ ተመለከተች፣ በጣቷም ዙሪያውን ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ መፍቻ የያዝነውን ሁለታችንን አየች። ጀማል ፊቱን አዞረ። ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ሮንዴላዬን የት ጣልካት?» አለችኝ በአማርኛ።

«የምን ሮንዴላ?»

«የመዳቧን። እኔ ያሰርኩት ብሎን በመንገድ አይፈታም። አንተ ፈትተኸዋል፣ እጅህ ነግሮሃል።»

«ምን ትላለች?» አለ አቡ ፈሃድ።

«ትቀባጥራለች» አለ ሐጂ ሰዒድ።

ዘይነባ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ። የሰባት ወር ደመወዜ በአማና እሱ ዘንድ ነው። ለአባቴ ሞተር መግዣ ብዬ፣ እንዳላጠፋው ብዬ አስቀምጥልኝ አልኩት። የፊተኛው ሞተር ተሸጧል። እኔን ካባረረኝ አይሰጠኝም።»

አቡ ፈሃድ ትዕግሥቱ አለቀ። ወደ እኔ ጣቱን ቀሰረ። «አንተ፣ ብሎኑን አልነካሁም፣ ወላሂ በል። ኸላስ፣ አምንሃለሁ።»

ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ለአንድ ሙስሊም፣ ያውም መካ ምድር ላይ፣ የሐረም አዛን በሚሰማበት ቦታ፣ መሐላ መጨረሻ ነው ብሎ ያምናል። እኔም አምን ነበር።

«አትማል» አለችኝ ዘይነባ። «ዝም በል ከፈለግህ፤ ዝም ማለት ትችላለህ። ግን በዚህ አገር ላይ አትማል። ለራስህ ነው።»

«ወላሂ አልነካሁም» አልኩ።

አላለቀሰችም። አንገቷን ነቀነቀች፤ ዋጋው ተነግሮት ከገበያ እንደሚመለስ ሰው። ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች። በሳምንቱ አቡ ፈሃድ ኢቃማዋ ላይ ኹሩጅ፣ የማይመለሱበት መውጫ፣ አስመታባትና ባዶ እጇን ከጅዳ ተሳፈረች። ጀማል «ወፍጮ ቤቷ ገባች» ብሎ ቀለደ። ያን ቀን የሳቀለት የለም። እኔም ግን ዝም አላሰኘሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በመዋሸት አላሳምረውም። ፈልጌ አጣኋት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልፈለግኋትም። ሁለት ጊዜ አገር ቤት ስገባ ኮምቦልቻን በአውቶቡስ አልፌአለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኜ። ሰዎች ስለ ሴት ልጅ እጅ ሲናገሩ፣ ኃይል የለውም፣ በረካ የለውም፣ ለብረት አልተፈጠረም ሲሉ፣ ሃይማኖትና ባህል ይጠቅሳሉ። እኔ የማውቀውን ልናገር። ያን ቀን ሃይማኖቱ ከእሷ ጋር ነበር፤ አትማል ያለችው እሷ ናት። ከእኛ ጋር የነበረው ፍርሃት ነው። ከእኛ የተሻለ እጅ እንዳለ እንዳይታወቅ የፈራን አራት ወንዶች ነበርን፤ አቡ ፈሃድንም እቆጥረዋለሁ፣ ሮንዴላ አልቋል ስትለው የሳቀ ነውና።

ይህን ሁሉ ለሂባ ዓርብ ዕለት ነገርኳት። ቡናም ሻይም ሳልይዝ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ። እንድታለቅስ ወይም እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሮንዴላዋን ወረወርኳት ያልከው፣ አባ፣ ከዚያ በኋላ አየሃት?»

«በማግሥቱ ስጠርግ አገኘኋት።»

«እና?»

«ጠረግኋት።»

ተነስታ ወጣች። ከመስኮቱ ሳያት መኪናዬን በክሪክ አንስታ ሥሩ ገብታለች። በዚያው ሳምንት ዘይት የቀየርኩት እኔ ነበርኩ። ብሎኑን ፈትታ አየችው፣ ጠርጋ መልሳ አሰረችው። እኔ የነካሁትን ሁሉ አሁን እንዲህ ታደርጋለች። የአባቷን ሥራ ሳትፈትሽ አታምንም።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ለአቡ ፈሃድ መኪና አሮጌ ሞተር ተገዝቶ የተገጠመው እዚያው ወርሻ ነው፤ ከነእጅ ሥራው አራት ሺህ ሁለት መቶ ሪያል። የዘይነባ ደመወዝ በወር ስድስት መቶ ነበር፤ የሰባት ወሩ አራት ሺህ ሁለት መቶ። አቡ ፈሃድ በእሷ ገንዘብ ከፈለ። ሐጂ ሰዒድ ምንም አልከሰረም፣ ጀማልም ምንም። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ስለነበርኩ መቶ ሃምሳ ሪያል ደረሰኝ፤ ቆጥሬ ተቀበልኩ። ሁላችንን ያስከፈለን ድምር አራት ሺህ ሁለት መቶ ሪያል ነው፤ የከፈለችውም ዘይነባ ብቻ ናት።