የእማማ ኩልፓሽ በረንዳ ያንጠባጠበ ዕለት

እማማ ኩልፓሽ ፍሪዘር የሚባል ነገር አይወዱም። የካዛክስታኗን ካራጋንዳን በመሰለ ብርዳም ከተማ ተቀምጦ ለብርድ መብራት መክፈል ለእሳቸው ዕብደት ነው። በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና እንደ አገሩ ልማድ ፈረስ ያሳርዱና ሥጋውን አራተኛ ፎቅ ካለችው በረንዳቸው ይደረድሩታል፤ እስከ ፀደይ ድንጋይ ሆኖ ይቆያል። ምራታቸው አይናሽ የገዛችውን ፍሪዘር ግን አልጣሉትም። ከሶኬት ነቅለው ብርድ ልብስ ያስቀምጡበታል።

ዘንድሮ ከበረንዳው ሥጋ ሁሉ የከበረው የዳሌው ነበር። ትንሹ ልጃቸው ዳውሌት ሊያገባት ያሰባት ልጅ ወላጆች ቅዳሜ ሊመጡ ነው። ለእንዲህ ያለ እንግዳ የዳሌ አጥንት በትሪ ካልቀረበ ደግሞ «ንቀውናል» ብለው ልጃቸውን ይከለክላሉ። ዳውሌት ይህን እያሰበ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ እናቱ ግን በረንዳቸውን ተማምነው ለሽ ይላሉ።

ሐሙስ ዕለት፣ በጥር ወር፣ ያልተጠራ ሞቃት ነፋስ መጣ። ከቀትር በኋላ የታች ቤቷ ጎረቤት ጩኸቷን ለቀቀችው።

«እማማ ኩልፓሽ! ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ደም እየዘነበ ነው! ሰው አረዱ እንዴ?»

«እስካሁን አላረድኩም፤ ዝም ካላልሽ ግን ባንቺ እጀምራለሁ!»

አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ምራታቸውን እየተጣሩ ወደ በረንዳው ሮጡ። አይናሽ በረንዳው ላይ ወጥታ ሥጋውን አንድ በአንድ በጣቷ ትጫን ጀመር።

«ተዪው፣ ማታ ብርዱ ሲመለስ ድርቅ ይላል» አሉ።

«ብርድ ጀርምን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፣ እማማ። ይሄ ውስጡ ገና በረዶ ነው፤ ፍሪዘር ይግባ። ያኛውን ፀሐይ ሲያሞቀው ውሏል፤ ይጣላል። የዳሌው ለስልሷል፣ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ዛሬውኑ ይቀቀል።»

«እንግዶቹ እኮ ቅዳሜ ናቸው!»

«እንግዲያው እንግዶቹን ዛሬ ያምጧቸዋ!»

ብርድ ልብሱ ወለል ላይ ተከመረ፤ የፍሪዘሩ ገመድ ሶኬት ውስጥ ገባ። እማማ ኩልፓሽ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ለልጅቱ እናት ደወሉ።

«እትዬ ሳውሌ፣ ናፍቆት አላስቀምጥ አለኝ! ምነው ዛሬ ብትመጡ?»

ዳውሌት መልሱን ለመስማት ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«መጣን!» አሉ ሳውሌ፣ ከልክ በላይ ደስ ብሏቸው።

ሲመሻሽ፣ ድስቱ እየተንተከተከ፣ በሩ ተንኳኳ። ሳውሌ ከባላቸው ጋር ቆመዋል። ባልየው የተሸከሙት ፌስታል ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እማማ ኩልፓሽ ፌስታሉን አዩ፤ ሳውሌም በረንዳው በር ላይ የተቀመጠውን ቀይ ውሃ የሞላ ባልዲ አዩ።

«የእናንተም በረንዳ?»

«የእኛም!»

ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። አይናሽ ፌስታሉን ተቀብላ ጫን ጫን አደረገችና ሁለተኛ ድስት ጣደች። ዳውሌት የሚስቁበት ባይገባውም ደስታው ፈንቅሎት አብሮ ሳቀ።

ሳውሌ እንባቸውን ጠረጉ።

«ልጄን ለማላውቀው ቤት ልሰጥ ነው እያልኩ ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት» አሉ። «ለካስ ከቤት ወደ ቤት ናት!»