የአቶ ዳልኬ ግራ ዓይን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለአጥቢያዬ ሽማግሌዎችም አልነገርኩም። በጾም ጸሎት ሳምንት ሰው ሁሉ ኃጢአቱን እየተናዘዘ ሲያለቅስ፣ እኔ ተነስቼ ትዕግሥት ይጎድለኛል፣ ጸልዩልኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። ትዕግሥት ይጎድለኛል! የሰው ዓይን አጥፍቼ እንዲህ ነው ያልኩት። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ቤቴ አትመጡም፣ ከእኔ ጋር አትዘምሩም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

የምኖረው ወላይታ ሶዶ ነው። ወንጌላዊ ነኝ። ካረጀሁ ወዲህ ከመስበክ ይልቅ ሰባኪዎችን አሠለጥናለሁ። ትምህርት በአማርኛም በወላይትኛም በድምፄ እቀርጻለሁ፤ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኜ ገጠር ለሚወጡ የወንጌል ስርጭት ቡድኖች አድላለሁ። ለሰው የሚታደለው ትራክትም፣ ድምፅ ማጉያው ሞንታርቦም፣ ጄኔሬተሩም የሚወጣው የሚገባው በእኔ እጅ ነው። ቁጡ ሰው ነኝ። ምዕመናን ግን ቁጣዬን ለጌታ ቤት ያለው ቅናት ነው ይሉልኛል፤ እኔም ደስ እያለኝ ተቀብዬዋለሁ። ቁጣውን በመንፈሳዊ ስም ሲጠሩለት የሚከፋው ማን አለ?

ነገሩ የሆነው ጉኑኖ በምትባል የእኛው አገር ከተማ ነው፤ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበርኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ሦስት ሆነን ሄደን ሞንታርቦውን ከገበያው ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተከልን። ከመንገዱ ማዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ የለቅሶ ሜዳ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አይቻለሁ። አላየሁም ብል ይሄ መናዘዝ ምን ሊረባኝ? ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ወንዶቹ በትራቸውን ከፍ አድርገው የሟችን ስም እየጠሩ ሲመላለሱ አይቻለሁ። አብሮኝ የነበረው ወንድም ዛሬ ይቅርብን፣ ካልሆነም ድምፁን እንቀንስ አለኝ። የሞተው ሞቷል፣ እኛ የመጣነው ለሕያዋን ነው ብዬ አፉን አስያዝኩት። ጭራሽ ድምፁን ጨመርኩ። የለቅሶው ድምፅ ከእኔ ድምፅ ጋር መፎካከሩ አናዶኝ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

አንድ ሰውዬ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እኛ ወጣ። ፊቱን ቧጭሯል፣ ነጠላውን አገልድሟል፣ በትር ይዟል። አቶ ዳልኬ ይባላል፤ ስሙን በኋላ ነው የሰማሁት። የሞተችው ሚስቱ መሆኗንም በኋላ ነው የሰማሁት። አጠገቤ ቆሞ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ በወላይትኛ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ ልጆቼ እናታቸውን እየጠሩ ነው። የራሳቸውን ድምፅ እንዲሰሙ ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ።»

ይሄ ነው ጥያቄው። ዝቅ አድርጉልኝ አለ እንጂ አጥፉልኝ እንኳ አላለም። እኔ ግን ማይኩን ከአፌ ሳላርቅ፣ ጠላት እንዴት እንደሚረበሽ አያችሁ ብዬ ለገበያው ተናገርኩ። ሰው ሳቀ። በሐዘንተኛ ሰው ላይ ገበያውን አሳቅሁ። አቶ ዳልኬ ጎንበስ አለና ከጄኔሬተሩ የሚመጣውን ገመድ ነቀለ። እሱ የሠራው ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ጸጥ ሲል የልጆቹ ለቅሶ ተሰማ። ሰዉም እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን በእኔ ነው የሳቀው። ደሜ ፈላ። ማይኩ የተተከለበትን ብረት ነቅዬ አነሳሁና መታሁት። እኔ ነኝ የመታሁት። መጀመሪያ ትከሻውን መታሁት፤ በትሩ ከእጁ ወደቀ። ልብ በሉ፣ በትሩ ወድቋል፤ ሰውየው ባዶ እጁን ነው። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ሁለተኛ ፊቱን መታሁት፤ የብረቱ ጫፍ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ብረቱን ስስበው የያዘው ነገር እንዳለ እጄ ላይ ተሰማኝ። እጁን ፊቱ ላይ ከደነ፤ በጣቶቹ መሃል ደምና ሌላ ነገር ፈሰሰ። አልጮኸም። በጉልበቱ ወረደ። እኔ ግን ሦስተኛ፣ ተንበርክኮ ሳለ፣ ጀርባውን መታሁት። ሦስተኛውን ምን ፈልጌ መታሁት? ዓይኑን አጥፍቼው ምን ቀረኝ? ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ ጣፈጠኝ።

የለቅሶው ሰዎች እየሮጡ መጡ። ተገፋፋን፤ ስገፋ ጄኔሬተሩ ላይ ወድቄ ግንባሬ ተሰነጠቀ። የእኔ ቁስል ያ ብቻ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ቀድሜ ደረስኩ፤ ደሜን አሳየሁ፤ ሰውየው ዱላ ይዞ መጥቶ ግንባሬን ፈነከተኝ፣ ወንጌል ጠልቶ ሊገድለን ነበር አልኩ። ፍርድ ቤትም እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ ይህንኑ ደገምኩት። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ወንድ ለቅሶ ላይ በትር የሚይዘው ለማልቀሻ እንጂ ለመማቻ እንዳልሆነ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። የገዛ አባቴ የሞተ ጊዜ እኔም ይዤ አልቅሻለሁ። አለማወቅ አይደለም፣ እያወቅሁ ነው የለቅሶውን በትር መግደያ ያደረግሁት። የለቅሶው ሰዎች እውነቱን መሰከሩ፤ ዘመድ ለዘመድ ነው ተብሎ ቃላቸው ተጣለ። ሁለቱ ጓደኞቼ አነሳሱን አላየንም አሉ። አቶ ዳልኬ አንድ ዓይኑን በጨርቅ እንደጠቀለለ ወደ ወህኒ ወረደ። እናት የሌላቸውን ልጆች እህቱ ወሰደቻቸው።

እዚህ ላይ እንኳ ቢያበቃ! አላበቃም። በየአጥቢያው ለምስክርነት ጠሩኝ። ጠባሳዬን እያሳየሁ፣ ጌታ ክንዴን አበረታው እያልኩ ተናገርኩ፤ ሰው በእልልታ ተቀበለኝ። ስናገረው ስናገረው ቃሉ አማረ፤ ሰውየውም ግዙፍ ሆነ፣ በትሩም ጦር ሆነ። በመጨረሻ በመከራ ጊዜ ስለመጽናት የሚል ትምህርት አደረግሁትና ቀረጽኩት። በየካርዱ ላይ ተጫነ። የዞናችን ስርጭት ቡድን ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ያዳምጠዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እያደር የጠራው ግን የእኔ ውሸት ነው።

ባለፈው ዓመት ቦዲቲ ሥልጠና ስሰጥ አንድ ሠልጣኝ በእረፍት ሰዓት ለብቻዬ ጠራኝ። ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ደህና ሰው ነው። እሱና ጓደኞቹ ገበያ ውስጥ ሲሰብኩ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ቦታዬን ልቀቁልኝ ብላ ሞንታርቦውን ገፋችባቸው። እሱም በማይክ ብረት ክንዷን መታት፤ አጥንቷ ተሰበረ። ይህን ሲነግረኝ አላፈረም። ፊቱ እያበራ፣ «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ጸናን» አለኝ። ሻይ ይዤ ነበር፤ ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው በእኔ አልሠራም። አንድም ቀን አልረሳሁም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ያለፈ ነገር ነው እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር።

በሳምንቱ ጉኑኖ ሄድኩ። አቶ ዳልኬ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። አወቀኝ። የአገር ወግ ነውና ግባ አለኝ፤ እህቱ ቦይና የሚባለውን ሥራሥር ቀቅላ በበርበሬ ማባያው በዳጣ አቀረበችልኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሦስተኛውን ምትም ሳይቀር። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። እሱ እስክጨርስ ጠበቀና ተነስ አለኝ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ እኔማ አውቀዋለሁ» አለ። «ልጆቼ ያደጉት አባታችሁ ሰባኪ ሊገድል ነበር እየተባሉ ነው። ለገበያው ንገር። በሞንታርቦህ ንገር። ያን ቀን ይቅር እልሃለሁ።»

እሺ አልኩት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጄኔሬተሩንና ሞንታርቦውን ጭኜ ሄድኩ። አቶ ዳልኬ የታጠበ ነጠላ ለብሶ፣ በርጩማ ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እህቱም አለች። ሦስቱ ልጆቹም፣ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነው፣ ከኋላው ቆሙ። ገበያው ተሰበሰበ። ማይኩን ያዝኩ።

ሰበክሁ። ስለ ይቅርታ ሰበክሁ። የፈሪ አፍ እንዴት ያለ አንደበተ ርቱዕ ነው! አንዳንዶቹ አለቀሱ፣ ብዙዎች ጌታን እንቀበላለን ብለው እጃቸውን አነሱ። ስለ ዓይኑ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። አሁን እናገራለሁ፣ ከዚህ ጥቅስ በኋላ እናገራለሁ እያልኩ ጊዜው አለቀ። አቶ ዳልኬ በቀረችው ዓይኑ እያየኝ እስከ አሜን ድረስ ተቀመጠ። ከዚያ በርጩማውን አነሳና ልጆቹን ይዞ ሄደ። የመጀመሪያው ቀን ተናድጄ ነበር ልበል፤ በዚህኛው ቀን ግን ምን ልበል? ማንም አልሳቀብኝም፣ ማንም ገመዴን አልነቀለም። በጠራራ ፀሐይ፣ በሙሉ ልቦናዬ፣ ሰውየውን እንደገና መታሁት።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ባዩ እናንተ አይደላችሁም፤ የተበደለው ሰው ጉኑኖ ተቀምጧል፣ የጠየቀኝንም አውቃለሁ። ይህን መጻፌም ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ስሜን አልጻፍኩም።

ትናንት ጠዋት ወደ ሃላሌ የሚወጣ ቡድን ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ትራክታቸውን ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ካርዳቸውንም ጫንኩላቸው። መሪያቸው ስለ መከራ የተናገሩት ትምህርት አለበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አለበት አልኩት።